ከልዩ ልዩ እንጨት ስለ ተሠራ ገበቴና ስለ ነውሩ

በማስተምርበት ክፍል በጠረጴዛዬ ላይ አንድ የእንጨት ገበቴ አለ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠመኔና እርሳስ አኖርበታለሁ። ልጆች መጀመሪያ ባዩት ጊዜ ስለ መልኩ ይደነቃሉ፤ አንዱ ወገኑ ቀይ፥ አንዱ ወገኑ እንደ ማር ብጫ፥ ሌላውም ጥቁር መስመር የተጋደመበት ቡናማ ነውና። ጥቂት ቆይተው ግን ጣታቸው ወደ ስንጥቁ ይሄዳል። «መምህር፥ ይህ ገበቴ ለምን ተሰነጠቀ? በሽቦስ የሰፋው ማን ነው?» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ አንዱን ነገር ከምደጋግም፥ ጽፌ ባኖርላችሁ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

አስቀድሞ በአገራችን ገበቴ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። የባላገር ገበቴ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ሠሪው ወፍራም ዛፍ ቈርጦ፥ ጕማጁን ለሁለት ሰንጥቆ፥ ውጭውን በመጥረቢያ ይጠርበዋል፤ ውስጡንም በመሮ እየፈለፈለ ያጐደጕደዋል። በጅማ አገር የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማም እንደዚሁ ነው፤ እግሩና መቀመጫው ምስማር ሳይገባበት ከአንድ ጕማጅ ተፈልፍሎ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ሥራ የተወደደው እንጨት ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለስለት ይታዘዛል፤ ስለዚህ ከበሮውም፥ ሙቀጫውም፥ የንብ ቀፎውም፥ የቤት ዕቃውም ከእርሱ ይሠራል። አበባው ነጭ ነው፥ ንብ ይወደዋል። ፍሬው ሲበስል ብጫና ጣፋጭ ሆኖ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። እኔ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ የዋንዛ ፍሬ በልቼ፥ ከንፈሬ ተጣብቆ ዳዊት መድገም አቅቶኝ በየኔታ ተገሥጫለሁ።

ነገር ግን ዋንዛ ለገበቴ የሚበቃ ወፍራም ግንድ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ሰው ግን በአንድ ቀን ይቈርጠዋል። ከግንዱም ገበቴ ሲፈለፈል የሚበዛው እንጨት ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ወደ እሳት ይሄዳል። ዛፉ እያለቀ ስለ ሄደ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን ዐዋጅ ዋንዛን፥ ዝግባን፥ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቍረጥ ተከለከለ። እንግዲህ በዛሬ ጊዜ እንጨት ሠሪ ሰፊ ጕማጅ ቢፈልግ በቀላሉ አያገኝም፤ ቢያገኝም ዋጋው ከዐቅሙ በላይ ነው።

የእኔን ገበቴ የሠራው ሰው ጕማጅ አይገዛም። በከተማችን ዳር፥ በገበያው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት አለችው። አናጢዎች በርና ቁም ሣጥን አልጋም ሲሠሩ የሚተርፋቸውን ቍራጭ ይሰበስባል። ያ ቍራጭ ቀድሞ ለማገዶ የሚሸጥ ነበር፤ ርዝመቱ ከስንዝር አይበልጥም፥ ውፍረቱም ሁለት ጣት ያህል ነው። እርሱ ግን በየዓይነቱ ለይቶ፥ ሴት ቅመሟን በየዕቃው እንደምታኖር፥ በመደርደሪያ ላይ ይደረድረዋል። ወደ ቤቱ ስትገቡ ሰውየው ራሱ ከመቀበሉ በፊት የጥድ ሽታ ይቀበላችኋል።

እንዲህ ያለውን ሰው በቀድሞ ዘመን ብዙዎች ይንቁት ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው ስም እየጠሩ መስደብ እንደ ጨዋታ ይቈጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ስድብ ለመከልከል በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ይህ ሰው እንደ ነገረኝ አባቱ፥ «ልጄ፥ ጸሐፊ ሁን እንጂ ባለእጅ አትሁንብኝ» እያሉ ይለምኑት ነበር። የአባት ቃል መስማት ተገቢ እንደ ሆነ ሁልጊዜ አስተምራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ሳይሰማቸው መቅረቱ ለእኔ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ብዙ አለ፥ እንዲህ ያለ እንጨት ሠሪ ግን በከተማችን ሁለተኛ የለም።

በመደርደሪያው ላይ ያሉት እንጨቶች ጠባያቸው እንደ ሰው ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። ጥድ መዓዛው ያማረ ነው፥ ምስጥም አይደፍረውም፤ ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅና ለስለት ስለሚለሰልስ የእርሳስ ፋብሪካዎች ይፈልጉት ነበር። ዝግባ ነጣ ያለ ብጫ ነው፤ መስመሩ የተስተካከለ፥ ሽታ የሌለው፥ ጸጥ ያለ እንጨት ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ስለትን ያደነዝዛል፥ ሲለሰልስ ግን እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል፤ እናቶቻችሁ የወተት ዕቃ የሚያጥኑት በእርሱ ጭስ ነው። ባሕር ዛፍ ከእነዚህ ሁሉ እንግዳ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጣ፥ የትውልድ አገሩም አውስትራልያ ናት። ቶሎ በማደጉ ብዙ ጠቅሞናል። ሲደርቅ ግን ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ከዘመዶቹ አንዱ ቀይ ባሕር ዛፍ ይባላል፤ በገበቴዬ ላይ ያለው ቀይ መልክ የእርሱ ነው። ስንጥቁም በእርሱ አጠገብ ነው።

አሁን ስለ ውኃ እንናገር፤ የእንጨት ዕቃ ነውር የሚበዛው ከውኃ ይመጣልና። የዛፍ ግንድ ለዐይን አንድ ድፍን ነገር ይመስላል፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ግን እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ሸንበቆዎች አንድ ላይ የታሰሩበት ነዶ ይመስላል። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ በዚያ ውስጥ ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣል። በተቈረጠበት ቀን ውኃው ገና በውስጡ ነው፤ በአንዳንዱ ዛፍ የውኃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። በሸንበቆዎቹ ክፍት ውስጥ ያለው ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አይጠብም። በግድግዳቸው ውስጥ የተዋጠው ውኃ መውጣት ሲጀምር ግን እንጨቱ ይኰማተራል።

የሚኰማተረውም በሁሉ በኩል እኩል አይደለም። በቁመቱ የሚያጥረው ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ከግንዱ ልብ ወደ ቅርፊቱ ባለው በኩል ጥቂት ይጠብባል፤ በግንዱ ዙሪያ ባለው በኩል ግን የዚያን እጥፍ ያህል ይጠብባል፤ በብዙ ዛፍ ከ100 እጅ 8 እጅ ያህል ይደርሳል። ይህም ማለት በዚያ በኩል የተሰነጠቀ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ሳንቃ ሲደርቅ 8 ሚሊ ሜትር ሊጎድለው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከእርጥብ እንጨት ክብ ሆኖ የተሠራ ገበቴ ከጥቂት ወር በኋላ እንደ እንቍላል ሞላላ ሆኖ ቢገኝ፥ ሠሪው ክብ መሥራት አላወቀም አትበሉ። ገበቴው በደረቀ ጊዜ የራሱን መንገድ ሄደ እንጂ።

ደርቆ የተሠራ እንጨትም ቢሆን ከውኃ ጋር ፈጽሞ አይለያይም። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፥ በበጋም መልሶ ይተፋል። በሐምሌ አልዘጋ ብሎ የሚያስቸግራችሁ በር በጥር በቀላሉ የሚዘጋው ስለዚህ ነው።

እንጨት ሠሪው ይህን ስለሚያውቅ ቍራጮቹን በጥላ ያደርቃል፤ ፀሐይ ውጭውን ቶሎ አድርቃ ውስጡን እርጥብ ብትተወው እንጨቱ ይሰነጠቃልና። በቍራጭና በቍራጭ መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ቀጭን እንጨት ያጋድማል። ውኃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፉን ሰም ይቀባዋል። መድረቁን የሚያውቀው በዐይኑ አይደለም፤ በሚዛን ነው። ዛሬ መዝኖ ይጽፋል፥ ከሳምንት በኋላ ይመዝናል፥ ደግሞም ይመዝናል። ክብደቱ መጕደሉን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። በየቍራጩ ላይ የጻፋቸውን ቍጥሮች አይቻለሁ፤ ሒሳብ ለምን እንማራለን የሚለኝ ተማሪ ሲመጣ ወደዚያ ቤት እልከዋለሁ።

የቍራጮቹም መጋጠም ራሱ ሒሳብ ነው። ሰውየው አንድ ቀለበት ለመሥራት 12 ቍራጭ ያዘጋጃል። ክብ ነገር ሁሉ በ360 ዲግሪ ይከፈላል፤ 12ቱ እኩል ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 30 ዲግሪ ይደርሰዋል። እያንዳንዱም ሁለት ጫፍ ስላለው በየጫፉ 15 ዲግሪ አጋድሎ ይቈረጣል። አሁን መጋዙ በየጫፉ የ1 ዲግሪ እኩሌታ ብቻ ተሳሳተ እንበል። ይህ በዐይን የማይታይ ስሕተት ነው። ጫፎቹ ግን 24 ናቸው፤ ሲደመር 12 ዲግሪ ይሆናል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት ዳር ላይ ይህ ከ3 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ነው፤ ሁለት ጣታችሁን አጋጥማችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ሰውየውም ከማጣበቁ አስቀድሞ ቀለበቱን በደረቁ ገጥሞ ወደ ብርሃን ያነሣዋል። በመጋጠሚያው ብርሃን ካለፈ ያፈርሰዋል፥ እንደገናም ይቈርጠዋል።

ቀለበቱ ሲስተካከል በኮላ ያጣብቀዋል። በጥንት ዘመን አናጢዎች ማጣበቂያ የሚያወጡት ቆዳና አጥንት ቀቅለው ነበር፤ ዛሬ ግን ነጩ ኮላ በሱቅ ይሸጣል። እንዳይከፈትም ከአሮጌ ጎማ በወጣ ከመነዳሪ ዙሪያውን ጠፍሮ ያሳድረዋል። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን በቀለበት ላይ ይጭናል፤ ግንበኛ የድንጋዩን መጋጠሚያ እንደሚያዛንፍ እርሱም የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው ላይ እንዳይወድቅ ያዛንፈዋል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ቶርኖ ይሄዳል። ቶርኖ ማለት እንጨትን ወይም ብረትን ይዞ የሚያዞር መኪና ነው። በሌላው የአናጢ ሥራ እንጨቱ ይቆማል፥ ስለቱ ይሄዳል፤ በቶርኖ ግን እንጨቱ ይዞራል፥ ሠሪው መሮውን በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፎ ይጠብቀዋል። (የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ክብ እንስራ የሚያወጡት ያለ ምንም መዘውር፥ በእጃቸው ብቻ እንደ ሆነ እዚህ ላይ አስቡ፤ እኔ ከቶርኖው ይልቅ በእነርሱ እደነቃለሁ።) 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበቴ አንድ ጊዜ ሲዞር በዳሩ ያለ ነጥብ 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር የራቀ ነጥብ ግን 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ስለዚህ በዳር ላይ ስሕተት ፈጣን ናት። ግድግዳው እየሳሳ በሄደ ቍጥር ድምፁ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሰውየው በጆሮው እየሰማ፥ «ይበቃል» ይላል። በሥራው ጊዜ አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍናል፤ የእንጨት ብናኝ ሳንባን ይጐዳልና።

ገበቴው ከአንድ እንጨት ቢሆን ኖሮ መሮው የሚያገኘው አንድ ዓይነት ነገር በሆነ ነበር። በዚህ ገበቴ ላይ ግን በአንዲት ዙር ውስጥ ከጠንካራው ወይራ ወደ ለስላሳው ጥድ፥ ከጥድም እንደገና ወደ ወይራ ይዘላል። በጠንካራው ላይ ይነጥራል፥ በለስላሳው ላይ ይሰምጣል። የብርጭቆ ወረቀትም ሲያሹበት ጥዱን ፈጥኖ ይበላዋል፥ ወይራውን ግን ይፈራዋል። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁን በገበቴዬ ዳር ብታዞሩ፥ ወይራው ከጎረቤቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። በዐይን አይታይም። ሁሉ አንድ ልክ እንዲሆን ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ሰውየውን ጠየቅሁት። «ዛሬ እኩል ባደርገው በሚመጣው ክረምት እንደገና ይበላለጣል፤ ሁሉም እኩል አይጠጣም» አለኝ።

ሌላም ነውር አለበት። በዝግባው ላይ አንድ ጕጥ አለ። ጕጥ ማለት ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ነው፤ ግንዱ ከዓመት ወደ ዓመት ሲወፍር የቅርንጫፉን ሥር ይውጠዋል፥ በሳንቃው ላይም እንደ ዐይን ክብ ሆኖ ይታያል። በጕጡ ዙሪያ የእንጨቱ መስመር ውኃ ድንጋይን ዞሮ እንደሚያልፍ ዞሮ ያልፋል። በአንዱ ቍራጭ ደግሞ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ነቀዝ ወደ ቅርፊቱ የቀረበውን ለስላሳ እንጨት ስለሚወድ በዚያ ገብቶ የወጣበት ነው። በግርጌውም መሮው ያስቀረው ቀጭን ክብ መስመር አለ። እነዚህን ሁሉ ሰውየው ለገዢ በጣቱ እያሳየ ይሸጣል። እንዲያውም አንዳንድ ሰው ጕጥ ያለበትን መርጦ ይወስዳል።

ስንጥቁ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ።

ሰውየው አንድ ደቀ መዝሙር ነበረው፤ ዕድሜው 16 ዓመት ያህል፥ እጁ ፈጣን የሆነ ልጅ ነው። በአንድ ዓመት የገና ሰሞን ሰውየው ለለቅሶ ወደ ባላገር ወርዶ ሁለት ሳምንት ቆየ። ልጁ ለበዓሉ ገበያ ገበቴ ለማድረስ ቸኰለ። 11 የደረቁ ቍራጮች አገኘ፤ አንድ ጐደለው። በዚያው ወር ከተቈረጠ ቀይ ባሕር ዛፍ የተረፈች፥ መልኳ እጅግ ያማረ ቍራጭ በደጅ ወድቃ ነበር። ሳይመዝናት ቈርጦ ከ11ዱ ጋር አጣበቃት። ገበቴው በቶርኖ ወጥቶ ባለቀ ቀን ማንም ነውር አያገኝበትም ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን ያች አንዲት እርጥብ ቍራጭ መድረቅ ጀመረች፤ ስትጠብም ከጎረቤቷ ተላቀቀች፥ ስንጥቅም ከዳር እስከ ሆድ ወረደ።

ልጁ ደነገጠ። ቢያፈርሰው የብዙ ቀን ሥራ ይጠፋል፥ ገበያውም ነገ ነው። ፍቅፋቂውን በኮላ ለውሶ በስንጥቁ ውስጥ ደፈነው፤ ሲደርቅም አሽቶ፥ የተልባ ዘይትና ሰም ቀባው። ስንጥቁ ጠፋ። ስለ ብልሃቱ እውነቱን ልናገርና እጅግ ጥሩ ሥራ ነበር፤ እኔም ብሆን አልለየውም ነበር።

በማግሥቱ አንዲት አሮጊት መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ ቅቤ ሸጠው ባጠራቀሙት ገንዘብ ለበዓል እንግዳ የሚያቀርቡበት ዕቃ ይፈልጋሉ። ገበቴውን አገላብጠው አዩ፥ ወደዱትም። «ልጄ፥ እርጎ ይይዝልኛልን?» አሉት። ልጁም፥ «ይይዛል፥ እናቴ» አለ።

በገና ዕለት በእንግዶቹ መካከል እርጎው የተደፈነውን አለሰለሰው፥ በስንጥቁም አልፎ በነጩ ቀሚሳቸው ላይ ወረደ። ሴትየዋ ቀሚሱን አጥበው፥ ገበቴውንም አጥበው፥ በሦስተኛው ቀን ወደ ገበያው መንገድ ተመለሱ። በዚያ ጊዜ ሰውየው ከለቅሶ ተመልሶ ነበር። እኔም በር ለማሠራት ሄጄ በዚያ ቆሜ ነበርሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

አሮጊቷ አልጮኹም። ገበቴውን በልጁ እጅ አኖሩና እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፥ እርጎው ይቅር። ስንጥቅ አለበት ብለህ ብትነግረኝ ሽንብራ ላኖርበት እገዛው ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ? ያንተን ቃል አምኜ በእንግዳ ፊት አቀረብሁት።»

ሰውየው ወደ ልጁ ዞሮ፥ «ማን ደፈነው?» አለ። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እኔ ነኝ፥ ጋሼ» አለ። ሰውየው አልመታውም፥ አልሰደበውምም። ለሴትየዋ ገንዘባቸውን ሙሉ መለሰላቸው፤ ከአንድ ዋንዛ የተፈለፈለ አሮጌ ገበቴም ከቤቱ አውጥቶ ጨመረላቸው። ልጁንም እስከ ቤታቸው ተሸክሞ እንዲያደርስ አዘዘው። መንገዱ ሩቅ ነው፥ ዳገትም አለበት፤ ሁለቱ በመንገድ ምን እንደ ተነጋገሩ ልጁ ለማንም አልተናገረም።

ሲመለስ ሰውየው ቀጭን ቢላዋ ሰጠውና፥ «የደፈንኸውን አውጣ፤ እንጨቱን ግን አትንካ» አለው። ከጥዋት እስከ ቀትር እየጫረ አወጣው። ከዚያ በኋላ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት ቀዳዳ ቀድተው በመዳብ ሽቦ ሰፉት። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። ባላገር ሴት የተሰነጠቀ ቅል አትጥልም፥ ትሰፋዋለች። በቤተ ክርስቲያን ስማር የብራና መጻሕፍትን ገበታ አይቻለሁ፤ ገበታ የሚባለው መጽሐፉን ከፊትና ከኋላ የሚሸፍነው ሳንቃ ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለ መጽሐፍ ገበታው ለሁለት ተሰብሮ፥ በየስብራቱ ቀዳዳ ተበስቶለት፥ በክር ወይም በሽቦ ተሰፍቶ ይገኛል። የሰፋው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ሽቦውን ግን አላጠበቁትም። ልጁ አጥብቆ ሊያስረው ሲል ሰውየው ከለከለው፤ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ በበጋም ሲጠብ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ካጣ በሌላ በኩል ይሰነጠቃልና ነው። ከዚያም ልጁ ቀጭን ብረት በእሳት አግሎ በግርጌው ላይ «ለደረቅ ነገር ብቻ» ብሎ ጻፈበት። ጽሕፈቱ ጠማማ ነው፥ «ቅ» የምትለዋም ፊደል ተበላሽታለች። ገበቴውን እኔ በግማሽ ዋጋ ገዛሁት። ሰውየው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ስንጥቁ የት እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ አሳየኝ፤ አይቻለሁ ብለው እንኳ አልተወኝም።

ልጁ ዛሬ የራሱ ቶርኖ አለው። በሚሠራው ገበቴ ሁሉ ግርጌ የእንጨቶቹን ስምና ነውር ካለበትም ነውሩን ይጽፋል፤ ይህን ልማድ ከማን እንደ ተማረው ሲጠይቁት የአሮጊቷን ስም ይናገራል።

የእንጨት ገበቴ በቤታችሁ ቢኖር በውኃ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩት፥ ከእሳትም አጠገብ አታኑሩት። ታጥቦ ወዲያው በጨርቅ ይደረቅ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የተልባ ዘይት ቢቀባ መልካም ነው፤ ይህ ዘይት አየር ሲያገኝ እየጠነከረ በእንጨቱ ላይ ይደርቃልና። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እሳት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን በውጭ ዘርግታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ጣሉት። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት።

የእኔ ገበቴ ከጠመኔ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። በየካቲት አየሩ ሲደርቅ የአውራ ጣቴ ጥፍር በስንጥቁ ይገባል፤ በነሐሴ ግን እንጨቱ አብጦ ከንፈሩን ይዘጋል፥ ሽቦውም ይላላል። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ከደብተሩ ቀጭን ወረቀት ቀድዶ በስንጥቁ ሊያሳልፍ ሞከረ፤ አልገባለትም። ቀኑን በወረቀቱ ላይ ጽፎ በገበቴው ውስጥ ከጠመኔው ጋር አኖረው፤ በየካቲት እንደገና ይሞክራል።